ቀይዋ መብራትና የአባቴ ማበጠሪያ

ኮምፒውተሬን በገዛ እጄ ነው የገጣጠምኩት። ይህን ስናገር ዛሬም ደረቴን ነፋ ያደርገኛል፤ ይንፋኝ፣ ምን አለበት። ሳጥኑ ከአንድ ቦታ፣ ማዘርቦርዱ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ዋናው ጌታ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ አዲስ አበባ አንድ ሰው ሲጠቀምበት ቆይቶ የሸጠልኝ ነው። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ ታቅፌ ሮቤ ድረስ አመጣሁት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሕፃን የታቀፍኩ መስሏቸው፣ ሻሸመኔ እስክንደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት። እኔም አላረምኳቸውም።

የተማርኩት የሕንፃ ንድፍ ነው። ሥራዬ ገና ያልተሠራን ቤት እንደተሠራ አድርጎ በፊልም ማሳየት ነው፤ በሩ ሲከፈት፣ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ፣ ሰው ደረጃውን ሲወጣ። እያንዳንዷን ምስል እያሰላ የሚስላት ግራፊክስ ካርዱ ነው። አንዲት ደቂቃ ፊልም እንድትወጣ የትየለሌ ምስል መሳል አለበት፤ ስለዚህ ሥራ ላይ ሲሆን ያጓራል፣ ይግላል፣ መብራትም ይበላል። አባቴ በክፍሌ በር ባለፉ ቁጥር ጩኸቱን ይሰሙና፣ ይሄ ነገር ይበላል እንጂ ሲወልድ አላየሁም ይሉ ነበር።

አባቴ የእህል ነጋዴ ናቸው። ከሲናና ወረዳ የሚመጣውን ስንዴ ይገዙና፣ ግቢያችን ውስጥ በተተከለች ማበጠሪያ ማሽን ገለባውንና ጠጠሩን አስለይተው ለጭነት መኪና ያስረክባሉ። በአዝመራ ወቅት ያቺ ማሽን አትቆምም። እንግዳ መጣ፣ ሠርግ ሆነ፣ ዘመድ አረፈ፣ እሷ ታጓራለች። ቆማ የማውቃት መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። እኛም ድምፃችንን ከፍ አድርገን ማውራት የለመድነው ከእሷ ጋር ስላደግን ይመስለኛል፤ የኛ ቤት ሰው ሌላ ቤት ሲሄድ የተጣላ ነው የሚመስለው።

ባለፈው አዝመራ ሰፈራችን አዲስ መስጊድ ሊሠራ ታሰበ። የመስጊዱ ኮሚቴ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሕዝቡን አዳራሽ ሰብስቦ፣ የታሰበውን አሳይቶ፣ ሰው እንደ አቅሙ ስንዴም ይሁን ወይፈን ቃል እንዲገባ ሊጠይቅ ነው። ፕላኑ በወረቀት ተዘጋጅቷል። ነገር ግን ወረቀት ላይ የተሰመረ ነገር አይቶ ወይፈኑን የሚሰጥ ገበሬ ከየት ይመጣል? አዲስ አበባ ልከን በፊልም እናሠራው የሚል ሐሳብ ሲነሳ፣ አባቴ ብድግ ብለው ልጄ ትሠራዋለች አሉ። እኔ አልነበርኩም፤ የነገረችኝ እናቴ ናት። ከኮሚቴው አንድ ሽማግሌ፣ ልጅ ናት፣ ባይደርስላትስ ብለው ጠየቁ። አባቴም፣ አማና ነው፣ ካልደረሰ እኔን ጠይቁኝ ብለው ተቀመጡ።

ወይ ጉዴ! ይበላል እንጂ አይወልድም በሚሉት ዕቃ ላይ ቃላቸውን አስይዘው መጡ። አባቴ ደግሞ ስንዴ በቃል የሚገዙ፣ በቃል የሚሸጡ ሰው ናቸው። ቃላቸው አንድ ቀን ቢታጠፍ ገበያ መሐል ቀና ብለው መሄድ የሚችሉ አይመስለኝም። ለእኔ ግን አንድም ነገር አልነገሩኝም። በነጋታው ክፍሌ በር ላይ ቆመው ‹‹ኢንተላ ኮ፣ ለጁምዓ ይደርሳል አይደል?›› ብቻ አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ በኦሮምኛ የሚጠሩኝ ልባቸው ሲሰጋ ነው። ኢንሻአላህ አልኩ፣ አፌን ሞልቼ።

መስጊዱን ሠራሁት። ሚናራውን አቆምኩት፣ የሴቶቹን መግቢያ በጎን አወጣሁት፣ የውዱእ መታጠቢያውን ቧንቧ ሳይቀር ደረደርኩ። ከጀርባው የሮቤን ሜዳ ከነስንዴው አነጠፍኩለት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከዚያ ምስሉን እንዲስል ካርዱን ለቀቅኩት፤ ኮምፒውተሩም የሚጨርስበትን ጊዜ አስልቶ ነገረኝ። ቅዳሜ። ጁምዓ ደግሞ ቅዳሜን አይጠብቅም።

ካርዱን ኦቨርክሎክ ላድርገው ያልኩት ያኔ ነው። ነገሩ ካርዱን ፋብሪካው ከሰጠው ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ላይ አንዲት መግፊያ አለች፤ ወደ ቀኝ ገፋ ስታደርጋት ካርዱ ይፈጥናል፣ የሚበላው ኃይልም ይጨምራል። አንዴ ገፋሁ። ፈጠነ! ደገምኩ። ቅዳሜ የነበረው ወደ ዓርብ ሸሸ፣ ከዓርብም ወደ ጠዋቱ መጣ። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን እስክስታ ልመታ ምንም አልቀረኝም። ወዲያው ካርዱ ጫፍ ላይ፣ የኃይል ገመዱ በሚሰካበት ቦታ፣ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ አለች። ስክሪኑ ላይ ካርዱ በቂ ኃይል እያገኘ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ከዚያ ሁሉም ጨለመ።

አስነሣሁት። ትንሽ ሠራና ቀይዋ መጣች። ደግሜ አስነሣሁት፣ አሁንም ያው። መግፊያዋን ብመልሳት ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፣ ግን ቅዳሜ ተመልሶ ይመጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ተረት ለእኔ የተተረተ መሰለኝ።

ጎባ ለሚኖረው ለታናሽ አጎቴ ደወልኩ። የአባቴ የመጨረሻ ወንድም ነው፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት ብቻ ስለሚበልጥ፣ አንቱ ብዬ ብጠራው ራሱ ይስቅብኛል። የስልክ ዕቃ ይሸጣል፣ ጌም ሲያይ ራሱን ይስታል፣ ስለ ኮምፒውተር ደግሞ የማያውቀው የለም፤ ቢያንስ እሱ እንደሚለው። ገና ተናግሬ ሳልጨርስ ፍርዱን ሰጠ፤ ሙቀት ነው። ይህን የሚያህል ካርድ ሮቤ አቧራ ውስጥ አፍነሽው እንዴት ይተንፍስ አለኝ። የጎባ ሰው እንደዚህ ነው። ጎባ ከኛ ከፍ ትላለች፣ ብርዷም ይበልጣል፤ በብርዷ ግን እንደ ርስት ነው የሚኮሩት። እኛ ደግሞ ገበያውም ቢሮውም ዩኒቨርሲቲውም እኛ ጋ ነው እንላቸዋለን። ይሄ ክርክር አያልቅም።

መጀመሪያ የራሳችንን ብርድ ልሞክር ብዬ የክፍሌን መስኮት በሰፊው ከፈትኩ። የሮቤ ንፋስ ገባ፤ የአባቴን ማበጠሪያ ገለባም ይዞ ገባ። አልጋዬ፣ ጠረጴዛዬ፣ ፀጉሬ ሳይቀር አውድማ መሰለ። እናቴ በር ላይ ቆማ አየችኝና መጥረጊያ አቀበለችኝ። መስኮቱን ዘጋሁ።

ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ኮምፒውተሬን በዚያው በታወቀው ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጎባ ወጣሁ። ኮምፒውተር ብርድ ይምታው ተብሎ ወደ ተራራ ሲወሰድ የት አገር ታይቷል? እኛ አገር ታየ። የሚኒባሱ ረዳት ታመመ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም የደህና ሰው ፊት ይዤ አዎ፣ ትኩሳት አለው አልኩት።

አጎቴ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ አውጥቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ እየጠበቀኝ ነበር። ከተራራው ከሳነቴ በኩል የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል። የሳጥኑን ጎን ከፍተን፣ ሰክተን፣ መግፊያዋን ገፋኋት። ካርዱ አጓራ። የሙቀቱን ቁጥር ስናይ ሁለታችንም ጮህን፤ ሮቤ አይቼው የማላውቀው ዝቅታ ላይ ነው ያለው፣ ያን ያህል እየሮጠ ለብ እንኳ አላለም። አጎቴ ይኸውልሽ ጎባ ብሎ እጁን ዘረጋና ተራራውን ራሱ የተከለው ይመስል አሳየኝ። እጁን ሳይመልስ ቀይዋ መብራት በራች። ስክሪኑ ጨለመ።

አጎቴ እጁን ቀስ ብሎ ጋቢው ውስጥ መለሰ። እኔ ግን ሳቄ መጣ፤ እየሳቅኩም እጄን አጨበጨብኩ። በብርዱ ናላዋ ዞረ ሳይል አልቀረም። ግን እንዴት አልስቅ? ካርዱ እንደ ውኃ ቀዝቅዞ ቀይዋ ከበራች፣ ነገሩ ሙቀት አይደለም ማለት ነው! ማስጠንቀቂያው ከመጀመሪያውም ኃይል አነሰኝ ነው ያለው። እኛ የምናውቀውን በሽታ ይዘን ብርድ ለብርድ ዞርን እንጂ፣ እሱስ የራበውን በግልጽ ነግሮን ነበር። ሮቤ እስክመለስ ልቤ አላረፈም፤ ሚኒባሱ ለየመንገደኛው ሲቆም በጥፊ መምታት ነበር የቀረኝ።

ቤት ገብቼ የኃይሉን ነገር ከሥሩ ጀመርኩ። ካርዱ ኃይል የሚቀበልባቸው ሁለት አፎች አሉት። ኃይሉን የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ሣጥን ነው። ሁለቱም አፎች ተሰክተዋል፤ ጎድሎ የታየ ነገር የለም። ገመዱን በእጄ ይዤ ወደ ኋላ ተከተልኩት። ሁለቱ መሰኪያዎች መሐል ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው አንድ ገመድ ነው። አንድ ገመድ ለሁለት አፍ! በልኩ ሲሄድ ይበቃዋል፣ ሲሮጥ ግን አይችልም።

ይሄ እኛ ቤት ብቻ የሚሠራ ስህተት ነው። እኛ ቤት አንድ ሽቦ ካለ ሁለተኛ አይዘረጋም። ከአንዱ ቆጣሪ ማበጠሪያዋ፣ ፍሪጁ፣ የጎረቤት አምፖል፣ የእኔ ክፍል ሁሉ ይጠባሉ፤ አንዱ ማከፋፈያ ላይ ሌላ ማከፋፈያ ይሰካል፣ እሱ ላይ ሌላ። እንደዚያ አድጌ፣ ኮምፒውተሩን ስገጣጥም ሁለት አፍ ያለው ገመድ ባይ ጊዜ እሰይ፣ ይበቃል አልኩ። ከዕቃው ጋር የመጣውን ሁለተኛ ገመድ ትርፍ ነው ብዬ አስቀመጥኩት። እናቴ ቤት ደግሞ ትርፍ የሚባል ነገር ተቀምጦ አያድርም።

እማ፣ ያ ጥቁር ወፍራም ገመድ የት ገባ ብዬ ጠየቅኳት። ሳትጨነቅ በአገጯ አሳየችኝ። ቁልፉ የተበላሸውን የብፌ በር ጥርቅም አድርጋ ያሰረችበት እሱ ነው፣ ያውም አሳምራ። ስፈታው ብርጭቆዎቼ ቢረግፉ በአንቺ ነው አለችኝ። በምትኩ የነጠላዬን ጥለት ላስርልሽ ብዬ ለምኜ፣ ገመዱን በጨርቅ ጠራርጌ፣ መሰኪያው እንዳልተጎዳ አይቼ ወሰድኩት።

ለአንዱ አፍ አንድ ገመድ፣ ለሌላው ሌላ። መግፊያዋን ወደ ቀኝ። ካርዱ አጓራ፣ ምስሎቹ ተከታትለው ይወጡ ጀመር። ቀይዋን መብራት እንደ ጠላት አፍጥጬ ጠበቅኳት፤ አልመጣችም። ጨመር አደረግኩ፤ አልመጣችም! እልል ስል እናቴ የወለድኩ ይመስል እየሮጠች መጣች። ምን ተገኘ ስትለኝ የብፌሽ ገመድ መስጊዱን ሠራው አልኳት። አልገባትም፣ ግን እልልታውን አገዘችኝ።

ደስታው ግን ወገቡ ላይ ተቆረጠ። ልክ ሲመሻሽ የሰፈሩ መብራት ጠፋ፤ የመጣው ጎህ ሲቀድ ነው። ጁምዓ ደረሰ፣ የቀረኝ እስከ ዙህር ሶላት ያለው ጊዜ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ የነገረኝ ሰዓትም ለአዛኑ ጥቂት ሲቀረው ነበር፤ ምንም ካላቋረጠው። ማታ የወጡት ምስሎች አልጠፉም፤ ተመስገን ብዬ ከቆመበት ቀጠልኩ። ከግቢው በኩል ማበጠሪያዋ ስትነሣ አምፖሌ ድክም አለ፣ ስታቢላይዘሩ ቀጭ ቀጭ አለ፣ ኮምፒውተሩም ድርግም ብሎ ጠፍቶ እንደገና ተነሣ። ቀይ መብራት የለም፤ አሁን የጠፋው ከግድግዳው ነው። የሞተሩ አነሣስ የቤቱን መብራት ሁሉ ጎትቶ ይወስደዋል። በሞከርኩ ቁጥር ከድጡ ወደ ማጡ ሆነብኝ፤ መብራቱ ሲዳከም ማሽኗ ቆም ብላ በተነሣች ቁጥር የእኔው ይወድቃል።

መስኮቴን ከፍቼ አየሁ። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ግቢያችን ውስጥ ቆሟል። ሠራተኞቹ ከሶላት በፊት ጭነው ለመጨረስ ይጣደፋሉ። አባቴ መሐላቸው ቆመው ስንዴውን በእፍኛቸው እያነሱ ያያሉ። በአዝመራ፣ መኪና ቆሞ፣ ማበጠሪያ አቁሙልኝ ማለት እኛ ቤት ተሰምቶ የማይታወቅ ነገር ነው። ፈራሁ፤ መቼም አልክድም። ግን ፊልሙ ሳይደርስ ቢቀር አዳራሹ ውስጥ ባዶ ግድግዳ እያዩ የሚቀመጡት እሳቸው መሆናቸው ትዝ ሲለኝ ወጣሁ።

አጠገባቸው ስደርስ በማሽኗ ጩኸት የተነሣ ጆሮአቸው ሥር ሆኜ ነው የነገርኳቸው። ገመዱን፣ ጎባን፣ ቀይዋን መብራት ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሚያስፈልጋቸውን አንዲት ነገር ብቻ ለቀም አደረጉ።

‹‹እሷ ዝም ካለች ያንቺው ይጨርሳል?››

‹‹አዎ አባ፣ ኢንሻአላህ። እስከ አዛን ዝም ካለች።››

ወደ ግድግዳው ሄደው ማብሪያውን ወደ ታች ሳቡት። ማሽኗ እየተንገጫገጨች፣ እየተንፏቀቀች ቆመች። የግቢው ሰው ሁሉ ባለበት ደረቀ። ሾፌሩ መብራት ጠፋ እንዴ ብሎ ጮኸ፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ መጮኹ ለራሱም አሳፈረው። አባቴ ባዶ ጆንያ አነጠፉና ልክ ከማብሪያው ሥር ተቀመጡ፤ ሙስበሃቸውን አውጥተው መቁጠር ጀመሩ። ሾፌሩ ሲያጉረመርም ማሽኗ ዛሬ ጁምዓ ይዛለች አሉት። ሠራተኞቹ ሳቁ፣ እሱም ወደ ጋቢናው ገባ።

እኔ ሮጬ ገባሁ። መግፊያዋን እስከ ጫፍ ልገፋት እጄ ሄደ፤ ከዚያ አፍሬ ትንሽ ወደ ኋላ መለስኳት። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ፣ አባቴ ማብሪያ ሥር ተቀምጠው እኔ ምን ያቅበጠብጠኛል? ምስሎቹ መውጣት ጀመሩ። ሚናራው መጣ፣ በሩ መጣ፣ ስንዴው መጣ። እናቴ ለምሳ የኤሌክትሪክ ምድጃ ልትሰካ ስትል፣ አባቴ ከተቀመጡበት ሆነው ከሰል አያይዢ ሲሏት ሰማሁ። በአዝመራ፣ በጠራራ ቀን፣ አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩ ከክፍሌ ሆኜ መስማቴ ገረመኝ። ጣሪያው ላይ ርግብ ነበረች፤ እሷንም ሰማኋት። በየመሐሉ በመስኮት አየት አደርጋለሁ፤ አባቴ እዚያው ናቸው። አንድ ሠራተኛ ረስቶ ወደ ማብሪያው ሲቀርብ፣ እጃቸውን ብቻ ከፍ አድርገው መለሱት።

የመጨረሻዋ ምስል ስትወጣ አዛን ሊባል የነባሩ መስጊድ ድምፅ ማጉያ እየተሞከረ ነበር። ፍላሽ ላይ ገልብጬ፣ ፀጉሬን ሸፍኜ፣ በግቢው ሮጬ ሰጠኋቸው። በመዳፋቸው ይዘው አይተዋት፣ ይችን ታህል ናት እንዴ አሉ። አልሐምዱሊላህ ብለው ኪሳቸው ከተቷት፤ ውዱእ ሊያደርጉም ሄዱ። ማሽኗን ግን አላስነሡም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። እኔና እናቴ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጠን፣ በመጋረጃው ጎን ፊልሙ የሚታይበትን ግድግዳ እናያለን። ፊልሙ ተጀመረ። ፀሐይ በስንዴው ላይ ወጣች፣ ከስንዴው መሐል ሚናራው ቀስ እያለ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ። ማሻአላህ የሚለው ድምፅ ከፊት ተነሥቶ እኛ ጋ ደረሰ። አንዲት አሮጊት የሴቶቹን መግቢያ ስታይ የኛ ነው ብላ ጎኔን ጎሸመችኝ። ልቤ ሊፈነዳ ነበር፤ ይህን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰው ቃል መግባት ጀመረ፣ ስንዴ የሚለው ስንዴ፣ ወይፈን የሚለው ወይፈን። ያ ሾፌር እንኳ ከኋላ እጁን አውጥቶ አሸዋውን እኔ አመላልሳለሁ አለ።

ሲያልቅ፣ ባይደርስስ ብለው የነበሩት ሽማግሌ ተነሥተው አባቴን በሰው ፊት መረቁ። ከዚያ ለቀልድ ያህል፣ ልጅህስ ይህን ሠራች፣ አንተ ደግሞ ምን ሠራህ ብለው ጠየቋቸው።

‹‹እኔማ ማሽኔን አጠፋሁላት›› አሉ አባቴ።

ሰው የቀለዱ መስሎት ሳቀ። እናቴና እኔ ግን ከመጋረጃው ወዲህ ተያየን፤ እሷ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች፣ እኔም አለቀስኩ።